ሐሰት ሳያውቅ የሚናገር ሰው

ሰው ሳያውቅ የተናገረው ሐሰት ኃጢአት ሆኖ ይቆጠርበታል ወይ? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነስቶኛል።

እዚህ ካኩማ ውስጥ አንድ ጎረቤት አለኝ። ራሽኑን እየሸጠ፣ ሳይበላ፣ ለዓመታት ቻንጋ ሲጠጣ ኖረ። አንድ ሰሞን ሳይጠጣም መንገዳገድ ጀመረ፤ ዓይኑ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ የት እንዳለም ግራ ገባው። እኛ «ያው ስካሩ ነው» ብለን ተውነው።

ከወራት በኋላ ያበደርኩትን 500 ሽልንግ ጠየቅኩት። «ትላንት ማታ እኮ ሰጠሁህ፤ ሻይ አፍልተህልኝ አብረን ጠጣን» አለኝ። ማለልኝም። እኔም ተናድጄ በጸሎት ጉባኤ ፊት ሐሰተኛ አልኩት።

በኋላ እግሩ ቆስሎ ክሊኒክ ወሰድኩት። ነርሷ አነጋግራው ወጣች። ተመልሳ ስትገባ እንደ አዲስ ሰው ሰላም አላት። ያኔ ነው ያስረዳችኝ። መጠጥ አንጀት ቫይታሚን ቢ 1ን እንዳይወስድ ያደርጋል፤ ሰውነት ደግሞ የሚያስቀምጠው ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ሲያልቅ አእምሮ ይጎዳል። ኮርሳኮፍ የሚባል ሩሲያዊ ሐኪም በ1887 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፎታል። አዲስ ነገር አይያዝላቸውም፤ ባዶውን ቦታ አእምሮ ራሱ ወሬ ፈጥሮ ይሞላዋል። ሰውየው ግን እውነት የተናገረ ነው የሚመስለው። ገና ሲንገዳገድ መርፌውን ቢወጋ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር አለችኝ።

እንግዲህ ፍረዱ። የመጀመሪያው ብርጭቆ የእሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ያ ወሬ ግን ሐሰት አይደለም፤ አንካሳ አነከሰ ተብሎ ይከሰሳል? መሐላውንም በእሱ ላይ አልቆጥረውም። በክሊኒኩ ደጅ አልፈን የተውነው እኛስ? ዘፍጥረት 9ን አንብቡ። ኖኅ ሰክሮ ራቁቱን ሲተኛ ካም አይቶ ወጥቶ አወራ፤ ሴምና ያፌት ወደ ኋላ ሄደው ሸፈኑት። እኔ የትኛው እንደ ነበርኩ አውቄዋለሁ።

ሰካራም የምትሉት ጎረቤታችሁ ሳይጠጣ ሲንገዳገድ ካያችሁት፣ እባካችሁ በዚያው ቀን ክሊኒክ አድርሱት፤ ጠጪ መሆኑንም ሳትደብቁ ንገሩ።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «ምን አድርገኸኝ ነው?» ብሎ ሳቀ። በበነጋው ደግሜ ሄድኩ፤ «ምነው እንዲህ ጠፋህ?» አለኝ። የፊታችን እሑድ በዚያው ጉባኤ ፊት እቆማለሁ፤ እሱ ባያስታውሰው እናንተ ሰምታችኋልና።