የነጻ ሶፍትዌር ወዳጆች በዝግ ቤት ምን ያደርጋሉ?



ነጻ ሶፍትዌር ሲባል ገንዘብ የማይከፈልበት ማለት ብቻ አይምሰላችሁ። ተጠቃሚው ኮዱን ከፍቶ የማየት፣ የማስተካከልና ለሌላው የማካፈል መብት ያለው ፕሮግራም ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን በ1983 እ.ኤ.አ. የጂኤንዩን ፕሮጀክት ሲያውጅ ማካፈልን የሥነ ምግባር ግዴታ አድርጎ ነበር የተነሳው። ብዙዎችም ተከተሉት። ታዲያ ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬ ሥራቸውን የሚያስቀምጡት የት ነው? ጊትሃብ ላይ። ጊትሃብን የሚያንቀሳቅሰው ኮድ ግን ዝግ ነው። ማይክሮሶፍት ድርጅቱን በ2018 በ7.5 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶታል።

«አስመሳዮች ናቸው» ብላችሁ ለመፍረድ አትቸኩሉ። (ከዚህ የባሰውን ቃልማ ለኮምፒውተር ጉዳይ ባንመዘው ይሻላል።) በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ የምጭነውን ፕሮግራም ብቻዬን እመርጣለሁ፤ ማንንም አላስፈቅድም። መገናኛ ቦታን ግን ማንም ብቻውን አይመርጥም። የጀመዓችሁ ሰዎች የሚገናኙት በቴሌግራም ግሩፕ ነው እንበል። እናንተ ብቻችሁን ብትወጡ ግሩፑ እንዳለ ይቀጥላል፤ የጀናዛው መልእክት የሚያመልጠው እናንተን ነው። የጊትሃብም ነገር እንዲሁ ነው። ኮዱን ማንሳት ቀላል ነው፤ በጊት አሠራር እያንዳንዱ ሙሉ ቅጂ የፕሮጀክቱን ታሪክ ጭምር ይይዛል። የማይነሳው ሰዉ ነው። ስህተት የሚጠቁመው፣ የሚከራከረው፣ አዲስ የሚመጣው ጀማሪ ሁሉ እዚያ ነው ያለው።

ይህ ምክንያት እውነት ነው። ግን ይለጠጣል። የፊቅህ ሊቃውንት በዶሩራ የተፈቀደን ነገር በችግሩ ልክ ይወስኑታል። ጉዳዩን የሐላልና የሐራም ላደርገው አይደለም፤ ሚዛኑን ልዋስ ብዬ ነው። ሰው ፍለጋ የገባ ሰው፣ ተመችቶት ከተደላደለ ሰው ጋር አንድ አይደለም። ከውጭ ሲታዩ ግን ይመሳሰላሉ፤ አንዳንዴ ባለቤቱ ራሱ የትኛው እንደሆነ አይለይም።

የሊኑክስን ታሪክ ተመልከቱ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2002 የኮድ ለውጦችን ለማስተዳደር ቢትኪፐር የተባለ ዝግ ፕሮግራም መረጠ፤ ጥሩ መሣሪያ ስለሆነ ነበር። ስቶልማንን ጨምሮ ሌሎች ተቃወሙ። በ2005 የቢትኪፐር ባለቤት በነጻ የሰጠውን ፈቃድ አነሳ። ቶርቫልድስም ጊትን መሥራት ጀመረ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሊኑክስ ሥራ በእርሱ ይመራ ነበር። በሦስት ዓመቱ ደግሞ በዚያው በጊት ላይ ጊትሃብ ተሠራ። መውጫውን የሠራው እጅ ለሌላ ዝግ ቤት መሠረት ሆነ!

ቶርቫልድስ በሩ ሲዘጋበት ሌላ በር መሥራት ይችል ነበር። ኮድ የማይጽፈው ተጠቃሚ ይህ አቅም የለውም። ስለዚህ በኔ እይታ ጥያቄው የሚከብደው መውጣት በሚችለው ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ወቀሳው የሚወርደው ምንም አማራጭ በሌለው ላይ ነው፤ ይህ ፍትሕ አይመስለኝም።

በ2022 ሶፍትዌር ፍሪደም ኮንሰርቫንሲ የተባለው ድርጅት ጊትሃብን መጠቀም እንደሚያቆም አስታወቀ። ነባር አባል ፕሮጀክቶቹን ግን «ዛሬውኑ ውጡ» ብሎ አላስገደደም። አዲስ ለሚገቡት የጠየቀው፣ ቀስ በቀስም ቢሆን የመውጫ እቅድ እንዲኖራቸው ነው።