ምዕራፍ ሁለት የሌለው ዜና

ለመሆኑ ሰው በዓለም ላይ ስለሌለ ሰው ስለምን ያለቅሳል? ጥያቄው ከቴሌቪዥን ይቀድማል። አውግስጢኖስ በአራተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ በጻፈው የኑዛዜ መጽሐፉ ውስጥ፣ በቨርጂል ግጥም ላይ ለፍቅር ብላ ራሷን ስለገደለችው ስለ ንግሥት ዲዶ በልጅነቱ ያፈሰሰውን ዕንባ እያስታወሰ ራሱን ይወቅሳል። ስለ ገዛ ነፍሱ ሳያለቅስ ስለ ዲዶ ማልቀሱ ይገርመዋል። ቆየት ብሎም ወደ ቲያትር ቤቱ ይሻገርና ነገሩን ያጠብቀዋል፤ ተመልካቹ እንዲያዝን እንጂ እንዲረዳ አልተጠራም፣ ባዘነ ቁጥር ተዋናዩን ያመሰግናል፣ ካላዘነ ግን ቅር ብሎት ይወጣል ይላል። እነሆ ከ1600 ዓመት በኋላ እኛም ያንኑ እናደርጋለን። ልዩነቱ የአውግስጢኖስ ቲያትር በአንድ ቀን ማለቁ፣ የእኛው ግን አለማለቁ ነው።

«አዲስ ምዕራፍ፣ በቅርብ ቀን!» የሚለውን ማስታወቂያ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። አንዱ የፍቅር ነው፣ አንዱ የወንጀል፣ ሌላው የሳቅ። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ «ገመና» በኢቲቪ ሲታይ መንገዱ ጭር ይል እንደነበር የምናስታውስ ብዙ ነን። «ሰው ለሰው» ሲመጣም አበበ ባልቻ የተጫወተውን አስናቀን ያልረገመ ቤት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ በአርትስ ቴሌቪዥን «እረኛዬ»፣ በአቦል «አደይ»፣ ከቱርክ መጥተው በቃና አማርኛ የተናገሩት «ኩዚ ጉኒ» እና «ጥቁር ፍቅር» እያሉ ተከታተሉ።

ቃሉን ልብ በሉልኝ። «ምዕራፍ» በግዕዙ ማረፊያ ማለት ነው፤ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ እፎይ የሚልበት ቦታ። የዘንድሮ ምዕራፍ ግን የሚያቆመው ማረፍ በማይቻልበት ቦታ ነው፤ ሽጉጡ ተደግኖ ሳይተኮስ፣ ደብዳቤው ተቀዶ ሳይነበብ። «ተከታታይ» የሚለው ቃል ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ድራማውንም ተከታታይ እንለዋለን፣ የሚያየውንም ሰው ተከታታይ እንለዋለን። ለእኔ በዚህ ቃል ውስጥ ትልቅ የሞራል ጥያቄ ተደብቋል። እርሱንም ያነሣሣብኝ ኒውላንድ ነው።

ኒውላንድ ከአዲስ አበባ 760 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በባሮ ዳር የተቆረቆረችው የጋምቤላ ከተማ አንድ ሰፈር ነው። ስሙ እንግሊዝኛ፣ አብዛኛው ነዋሪው ኑዌር ነው። ለሥራ በጋምቤላ በቆየሁበት ጊዜ በአቅራቢያው ቤት ተከራይቼ ነበርና ምሽቱን የማሳልፈው እዚያው ነበር። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ማንም በቤት ውስጥ አይቀመጥም። መብራት ካለ ቴሌቪዥኑ ወደ ግቢው ይወጣል፤ ወንበር ያለው በወንበር፣ የሌለው በምንጣፍ ይሰየማል። ጎረቤትም ሳይጠራ ይመጣል።

እዚያ ግቢ ውስጥ ያየሁት የትርጉም ሰንሰለት እስከ ዛሬ ያስገርመኛል። የኢስታንቡል ሰዎች በቱርክኛ የተናገሩትን አዲስ አበባ ውስጥ ሌሎች ሰዎች በአማርኛ ይሉታል፤ ያንን አማርኛ ደግሞ አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ለአያቷ በኑዌርኛ ታንሾካሹካለች። ልጅቷ አማርኛውን ከትምህርት ቤት ይልቅ ከዚያው ከድራማው ሳትማር አልቀረችም። «እንዴት ደፈርሽ!» ስትል በእርግጥ የድራማ እመቤት ትመስላለች። አያቷ ግን ቋንቋውን ሳይሆን ሰዎቹን ነበር የሚከታተሉት። ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን ማንን እንደበደለ አንድም አይስቱም። የዘር ሐረጉን ከአባት እስከ አያት ለሚቆጥር ማኅበረሰብ የቱርክ ቤተሰብ ውስብስብነት ቀላል ነገር ነው።

አንድ ምሽት ስሙን የማልጠራው ድራማ አዲስ ምዕራፉን ጀመረ። በፊተኛው ምዕራፍ የነበረ አንድ ትንሽ ልጅ በዚህኛው የለም። አልሞተም፣ አልተሰደደም፣ ብቻ የለም። ደራሲዎቹ ሳያስፈልጋቸው ቀርቶ ይሆናል። ከመካከላችን ማንም ልብ አላለውም፤ እማማ ግን ክፍሉ አልቆ ማስታወቂያ ሲጀምር ለልጅቷ አንድ ነገር አሏት። እርሷም ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ ያ ልጅ የት ደረሰ? ትላለች» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሳቸውም እንደገና በማግስቱ ጠየቁ፤ በሳልስቱም። «ዘመዶቹ አይፈልጉትም እንዴ?» ነበር የመጨረሻው ጥያቄያቸው።

ይህ ተራ የእርጅና ወሬ እንዳልሆነ ለመረዳት ወደ 2008 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት በመጋቢት መጨረሻ ቃና ቴሌቪዥን ሥርጭቱን ጀመረ። አገሩ ሁሉ ስለ እርሱ ማውራት ያዘ፤ የጥበብ ሰዎችም ባህላችንንና ፊልማችንን ያጠፋብናል ሲሉ አቤቱታ አሰሙ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 7 ቀን፣ ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ ክልል በኑዌር ዞን በጂካውና በላሬ ወረዳዎች መንደሮች ላይ ጥቃት አደረሱ። ከ200 በላይ ሰው ተገደለ። ከ100 በላይ ሕፃናት ተወሰዱ። ከብቱም በሺህ ተነዳ። መንግሥት የሁለት ቀን ብሔራዊ ኀዘን ዐወጀ፣ ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተውለበለበ፣ ጦሩም ልጆቹን ለማስመለስ ድንበር ተሻገረ። በተከታዮቹ ሳምንታትና ወራት ከሕፃናቱ በርካቶቹ በቡድን በቡድን ተመለሱ። ያልተመለሱም ነበሩ።

ሁላችንም አዘንን። ይህን መካድ ግፍ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ስለማያውቃቸው ልጆች ከልቡ ያለቀሰ ሰው በዐይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ኀዘናችን አንድ ክፍል ብቻ ነበረው። በዚያው ሰሞን መከታተል የጀመርናቸውን የድራማ ሰዎች መከራ ግን እስከ መጨረሻው ሸኘነው። የ«ጥቁር ፍቅር» ፍጻሜ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው ዛሬም ከየታክሲው አገኛለሁ። ስንት ሕፃን ሳይመለስ እንደቀረ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።

ዣን ዣክ ሩሶ ይህን ቢያይ «አላልኩም?» ባለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1758 ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ ቲያትርን የከሰሰው በዚሁ ነው። በልብ ወለድ ሰው ላይ ዕንባችንን ስናፈስ የሰብአዊነትን ዕዳ ሁሉ የከፈልን ይመስለናል፤ በርኅራኄያችን ተደስተን ወደ ቤታችን እንገባለን፤ ለእውነተኛው ችግረኛ ግን ከእኛ አንዳች ነገር ይጠበቅበታልና እንሸሸዋለን ይላል። ሩሶ ስለ አንድ የጥንት አምባገነን ይጠቅሳል፤ የፌራው አሌክሳንደር በየቀኑ ስንቱን እያሳረደ፣ ቲያትር ላይ ግን ዕንባው እንዳይታይበት ተነሥቶ ወጣ ይባላል።

ክሱ ከባድ ነው፤ እኔ ግን ከፊሉን ብቻ ነው የምቀበለው። ሩሶ ዕንባን እንደ ገንዘብ ያየዋል፤ እዚህ ከወጣ እዚያ የሚጎድል። የእማማ ነገር ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እርሳቸው ስለ ድራማው ልጅ የጠየቁት ሰው የሚጠፋበትንና የሚፈለግበትን አገር ስለሚያውቁ ነው። ዲከንስ ልብ ወለዱን በየሳምንቱ እየቆራረጠ በሚያሳትምበት ዘመን የኒውዮርክ ሰዎች ከእንግሊዝ የሚመጣውን መርከብ ወደብ ላይ ጠብቀው «ትንሿ ኔል በሕይወት አለች?» ብለው ጮኹ ይባላል። ሰው ይስቅባቸዋል። እኔ አልስቅባቸውም፤ ስለ አንዲት ልጅ ወደብ ወርዶ መጠየቅን የለመደ እግር ክፉ እግር አይደለም።

ስለዚህ ጥፋቱ ድራማ ማየታችን ላይ አይመስለኝም። ጥፋቱን በአቀራረቡ ዓይነት ውስጥ ፈልጉት። የቤተሰብ ሳቅ ድራማ፣ ለምሳሌ «ቤቶች»፣ ካለፈው ሳምንት ምንም እንድታስታውሱ አያስገድዳችሁም፤ የተሰበረው ሁሉ ተጠግኖ፣ የተኳረፈው ሁሉ ታርቆ፣ ቤቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። በፋና ይታይ የነበረው «ምን ልታዘዝ»ም ካፌውን የከፈተ ሰሞን የቱንም ክፍል ብቻውን አይቶ መሳቅ ይቻል ነበር። የወንጀል ድራማ አንድ ምስጢር ብቻ እንድትይዙ ይጠይቃል። የበደልና የፍቅር ድራማ ግን ሙሉ ትዝታችሁን ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ የተነገረች ውሸት በሦስተኛው ታፈራለች። ታዲያ ዜናችን ከነዚህ የትኛውን ይመስላል? ይዘቱ መከራ ነው፣ አሠራሩ ግን የሳቅ ድራማ ነው። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ትናንት እንዳልነበረ ሆኖ ቤቱ ተጠርጎ ይጀመራል።

የሚያሳዝነው ደግሞ ይህ ከባህላችን የማይገጥም መሆኑ ነው። እኛ ኀዘንን በአንድ ቀን የማንጨርስ ሕዝብ ነን። ሠልስት አለን፣ ዐርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ሙት ዓመት አለን። ሐዘንተኛው ረሱኝ እንዳይል ቀን ተቆርጦ ይመጣለታል። ኑዌሮችም ከቀብሩ ወራት ቆይቶ የሚፈጸም የኀዘን ሥርዓት እንዳላቸው እ.ኤ.አ. በ1956 ስለ ኑዌር ሃይማኖት መጽሐፍ ያሳተመው ኤቫንስ ፕሪቻርድ ጽፏል። ክትትልን ከቴሌቪዥን አልተማርነውም፤ ለእርሱ አስረከብነው እንጂ።

እዚህ ላይ ግን አንባቢ «መከታተል በራሱ መልካም ነው ማለትህ ነው?» ብሎ ቢይዘኝ ተገቢ ነው። አይደለም። ጋምቤላ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ኑዌሩ የሚያዝያ 2008ን ተከታታይ ነው። አኙዋኩ ደግሞ በታኅሣሥ 1996 በጋምቤላ ከተማ የተገደሉበትን ወገኖቹን አይረሳም። ደገኛውም የራሱን ሟቾች ይቆጥራል። ሁሉም የየራሱን ድራማ ምዕራፍ በምዕራፍ ያውቃል፤ የጎረቤቱን ግን አንድም ክፍል አላየም። ቂም ማለት ይኸው ነው፤ ከማንም ተከታታይ በላይ ታማኝ ተመልካች አለው፣ አዲስ ምዕራፍም አያጣም። በታኅሣሥ 2004 ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሎው ኑዌር ታጣቂዎች በሙርሌዎች አገር በፒቦር ዘምተው ብዙ ሰው መገደሉን፣ ሴቶችና ሕፃናትም መወሰዳቸውን የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች ዘግበዋል። ስለዚህ «ያ ልጅ የት ደረሰ?» የምትል እናት በዚያም ወገን አለች። ጥሩ ድራማ ከቂም የሚለየው ለዚህ ይመስለኛል፤ ጥሩ ደራሲ የክፉውንም ሰው እናት ያሳየናል። አስናቀን እንኳ ስንረግም ቤቱ ድረስ ገብተን ነው።

በአዲስ አበባ ከሚሠሩት ተከታታዮች እኔ ባየኋቸው ውስጥ የኑዌር ወይም የአኙዋክ ቤተሰብ መሐል ላይ የተቀመጠበት አንድም አላጋጠመኝም። የኢስታንቡልን ሳሎን ከነመጋረጃው እናውቀዋለን፤ የኒውላንድን ግቢ አናውቀውም። አንድ ወዳጄ «ማን ያየዋል?» አለኝ። ይህን የሚለው ሰው ከ2008 በፊት ሁለት የቱርክ ወንድማማቾች ለአንዲት ሴት ሲጣሉ ማን ያያል ቢባል ምን ይመልስ እንደነበር ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በ2008 የአምስት ዓመት ሕፃን ሆኖ የተወሰደና ያልተመለሰ ልጅ ካለ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል። የሚወሰዱት ልጆች ብዙ ጊዜ በወሰዳቸው ቤት እንደ ልጅ ያድጋሉና፣ ምናልባት ኑዌርኛውን ረስቶ ይሆናል፤ ምናልባትም የራሱን ታሪክ የመጀመሪያ ምዕራፍ አያውቀውም። ድራማዎቻችን ሁሉ «ባለፈው ክፍል» ብለው ነው የሚጀምሩት። ይህችን ልማድ የዜና አዘጋጆች ቢዋሷት ምን ይከፋል? በየዓመቱ ሚያዝያ 7 ቀን ስንት ልጅ ተወሰደ፣ ስንቱ ተመለሰ፣ ስንቱ ቀረ የሚሉ ሦስት መስመሮች ይነበቡ። ከአንድ የሳሙና ማስታወቂያ ያነሰ ጊዜ ነው የሚወስደው።