ፓስፖርት በአንገቷ

ቦሌ፣ ተርሚናል 2 ውስጥ፣ ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ፓስፖርቷን በአንገቷ አንጠልጥላ ከአንዲት የአየር መንገድ ሠራተኛ ጋር ስትሄድ አየሁ። እንዲህ ብቻውን የሚጓዝን ልጅ ወላጅ ፈርሞ ያስረክባል፤ ወዲያ ማዶ የሚቀበለውም ሰው ስሙ ቅጽ ላይ ተጽፏል፣ መታወቂያ ያሳያል። መንገደኛው ይጋፋል። አንድ ሰውዬ (ደግ ሰው ይመስለኛል) ከረሜላ ዘረጋላት። ቀና ብላ ሠራተኛዋን አየች፤ አልተቀበለችም።

እኛ አስተማሪዎች «እንደ ሕፃን እመኑ» ስንል ብዙ ጊዜ «አትጠይቁ» ማለታችን ነው። ይህች ልጅ ግን ያገኘችውን ሁሉ አላመነችም። መውጫ በሩን አታውቅም፤ ለማን አደራ እንደተሰጠች ግን ታውቃለች።

ዓምና አንድ ወጣት «ይህን ትምህርት ከየት አመጣኸው?» ቢለኝ «እምነት ጎድሎሃል» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም።