በከፍታ ላይ የቆመ ሰው ቀኑ ይረዝማል

ምስጋና ሁሉ ተራሮችን በምድር ላይ ላጸና ለአላህ ይገባው። ከዚህ በኋላ፥ አንተ አንባቢ ወንድሜ ሆይ፥ ዓይን ያየውን ልብ ካልመረመረው ማየት ብቻውን እንደማይጠቅም እወቅ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና፥ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም መካከል ጅጋ የምትባል ከተማ አለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፥ ወደ ደጋው ስትወጣ፥ መንደር በሌለበት በአንድ የተራራ በር ላይ ቢመሽብህ፥ ጭነትህን አውርድና የጮቄን ተራሮች ተመልከት። ጫፋቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ፀሐይ ከኋላህ በምዕራብ ትጠልቃለች። በመጀመሪያ ሸለቆው ይጨልማል፤ ቀጥሎ አንተ የቆምህበት በር ይጨልማል፤ የጮቄ ራስ ግን ገና እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ከዚያም ጥላው ከእግሩ ወደ ወገቡ፥ ከወገቡ ወደ ትከሻው እየወጣ በመጨረሻ ያን ብርሃን ይሸፍነዋል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምድር ክብ ናትና፥ ከፍ ብሎ የቆመ ሰው አድማሱ ይሰፋል፤ ዝቅ ብሎ ለቆመው ፀሐይ ከጠለቀችም በኋላ እርሱ ጥቂት ደቂቃ ያያታል።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ መርምረውታል። በእስክንድርያ ከተማ፥ ቁመቱ 100 ሜትር ያህል የሆነ፥ ለመርከበኞች መብራት የሚበራበት ግንብ ነበረ፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰ። የከተማው ሰው ፀሐይ ጠልቃበት ጾሙን ሲያፈጥር፥ በግንቡ ራስ ላይ ያለው ሰው ገና እያያት እንደ ሆነ፥ እርሱስ ያፈጥራልን ተብሎ ተጠየቀ። መልሱም፥ የከተማው ሰው ያፍጥር፤ በግንቡ ላይ ያለው ግን ፀሐይ ከዓይኑ እስክትሰወር ይታገሥ፥ የሚል ሆነ። እያንዳንዱ የሚጠየቀው በራሱ አድማስ ነውና።

ወንድሜ ሆይ፥ በዚህ ፍርድ ውስጥ ከጾም የሰፋ ትምህርት አለ። ዕውቀት ከፍታ ነው፤ ሀብት ከፍታ ነው፤ የቤተ ሰብ አባት መሆንም ከፍታ ነው። አንተ ነጋዴው፥ የበርበሬህ ክምር ከላይ ደርቆ ከሥር እርጥብ መሆኑን ታውቃለህ፤ ገዢው አያውቅም። ለእርሱ ጨልሟል፤ ለአንተ ግን ገና ቀን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አግብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን የገሠጹት፥ እህሉን ዝናብ ስለ መታው አይደለም፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው ነው እንጂ።

ምናልባት፥ «ገዢው አይቶና ወድዶ ገዛ፤ እኔ ምን አጠፋሁ?» የሚል ቢኖር፥ እንዲህ ብለን እንመልሳለን፦ በግንቡ ላይ ያለው ሰው የታችኞቹ ሲበሉ እያየ ነበር፤ ነገር ግን የእነርሱ ጨለማ ለእርሱ ፈቃድ አልሆነለትም። የገዢው አለማወቅ ለገዢው ምክንያት ይሆንለታል እንጂ ሻጩን ከተጠያቂነት አያድነውም።

ደግሞም፥ «ሁሉ እንዲህ ሲያደርግ እኔ ብቻ እውነቱን ብናገር ልጆቼ ምን ይበላሉ?» የሚል ቢኖር፥ ነገሩን አናቃልለውም። እውነት የተናገረ ነጋዴ ትርፉ የሚቀንስበት ቀን አለ። ነገር ግን በግንቡ ላይ የታገሠው ሰው ማዕዱ ዘገየበት እንጂ አልቀረበትም። በሐራም ከጠገበ ልጅ ይልቅ በሐላል የሚታገሥ ልጅ ለአባቱ የተሻለ ምስክር ነው።

በከፍታህም አትኩራ። በሩ ላይ ቆመህ ሸለቆውን ወደ ታች ባየኸው ጊዜ፥ ከአንተ በላይ ገና የሚያበራ ጮቄ እንዳለ አትርሳ። ያም ተራራ ከፍታውን ለራሱ ብቻ አላደረገውም፤ ከእርሱ የሚፈልቁት ወንዞች በዝቅታ ያለውን አገር አጠጥተው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ።

እንግዲህ ፀሐይ ስትጠልቅብህ መግሪብህን ስገድ፤ ጭነትህን ጫን፤ ወደ ገበያህም ውረድ። ነገ ሚዛንህን በምታነሣበት ጊዜ፥ ለሌላው ጨልሞ ለአንተ ብርሃን የሆነው ነገር ምን እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። አላህ እኛንም አንተንም ባወቁት ከሚሠሩት ያድርገን። አሚን።