ከአንድ ዘለላ

በሊባኖስ በቃ ሸለቆ፣ ከዛህሌ ከተማ ጥግ፣ ከረክ ኑሕ የምትባል መንደር አለች። በመስጊዷ ውስጥ ከ30 ሜትር በላይ የሚረዝም መቃብር ይገኛል፤ የነቢዩ ኖኅ ነው ይባላል። ኖኅ እኛ ዘንድ ነው የተቀበረው የሚሉ ሌሎች ከተሞችም ስላሉ ነገሩን የሚዳኝ የለም። ሙስሊሞች ይዘይሩታል፣ ስለት ይሳላሉ። ከመቃብሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ፈቀቅ ሲባል ደግሞ የአገሪቱ ትልቁ ወይን ጠማቂ፣ ሻቶ ክሳራ፣ በርሜሎቹን ከምድር በታች ደርድሯል።

ይህ ጉርብትና እንዲሁ የመልክዓ ምድር አጋጣሚ ቢሆንም አንድ የቆየ ጥያቄ ይቀሰቅሳል። በኦሪት ዘፍጥረት ኖኅ ከመርከቡ ወርዶ ወይን ተከለ፤ ጠጣ፣ ሰከረ፣ በድንኳኑ ውስጥም ራቁቱን ተገኘ። በቁርኣን ያለው ኖኅ ወገኖቹን 950 ዓመት ሲመክር የኖረ ታላቅ መልእክተኛ ነው፤ ስለ ወይን እርሻውም ስለ ስካሩም የተነገረ ነገር የለም። የእስልምና ሊቃውንት ነቢይ እንዲህ ካለው ነውር የተጠበቀ ነው ብለው ያስተምራሉና ታሪኩን አይቀበሉትም። በአንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያው ወይን ጠማቂ የሆነው ሰው፣ በሌላው ስሙ ከወይን ጋር አይነሣም። እንግዲህ ጥፋት ካለ የማን ነው? የወይኑ ነው ወይስ የጠጪው?

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ሦስተኛ ምስክር አለ። ሙሉ ቃሉ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ኩፋሌ ታሪኩን ከዘፍጥረት በተለየ ጥንቃቄ ይተርከዋል። ኖኅ ፍሬውን በአራተኛው ዓመት ለቅሞ፣ ጠምቆ በዕቃ አኖረው፤ እስከ አምስተኛው ዓመት መባቻ ድረስ አልነካውም። በዚያ ቀን መሥዋዕት አቀረበ፤ ከወይኑም በመሠዊያው እሳት ላይ አፈሰሰ። ራሱና ልጆቹ የጠጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስካሩ ግን አልቀረም። ጸሐፊው ወይኑን በበዓልና በመሥዋዕት አጥር ቢያጥረውም ሽማግሌው ከመውደቅ አልዳነም፤ ይህን አለመደበቁ የሚያስከብረው ነው።

ዛህሌ ራሷን የወይንና የቅኔ ከተማ ትላለች። አብዛኛው ነዋሪ ክርስቲያን ሲሆን በበርዳውኒ ወንዝ ዳር የተሰለፉት ምግብ ቤቶች በበጋ ጢም ይላሉ። ክሳራን እ.ኤ.አ. በ1857 የመሠረቱት ጀስዊቶች ናቸው፤ ኢትዮጵያውያን ከአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጀምሮ በሌላ ነገር የሚያስታውሷቸው እነዚያው ጀስዊቶች። ጎብኚ ሲመጣ በቅድሚያ ወደ ዋሻው ይወሰዳል። ሮማውያን ከተጠቀሙበት ጉድጓድ ተነሥቶ የተፈለፈለው መተላለፊያ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ውጭ ፀሐይ እየከረረ ውስጡ ሹራብ ያስመኛል። ዋሻው የተገኘው ዶሮ ሌባ ቀበሮ ሲባረር ነው የሚለውን ወግ አስጎብኚዎች አይዘሉትም።

ከዚያ ቅምሻ ነው። ነጩ፣ ሮዜው፣ ቀዩ፣ አንዳንዴም በአኒስ የሚጣራውና ውሃ ሲነካው እንደ ወተት የሚነጣው አረቅ ይቀርባል። ልብ ብሎ ለሚያይ ከጠርሙሶቹ ይልቅ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችው ባልዲ ትናገራለች። ባለሙያ ቀማሽ ወይኑን በብርጭቆ ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ በአፉ ያንከባልላል፣ ከዚያም ባልዲዋ ውስጥ ይተፋዋል። ቀኑን ሙሉ ወይን ሲቀምስ ውሎ ሳይሰክር ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው እንጀራው የተመሠረተው በመትፋት ላይ ነው። የወይን ንግድ ራሱ ሳይሰብክ የሚያምነው ነገር አለ ማለት ነው፦ ይህን ነገር እንዳሻህ ልትውጠው አትችልም።

የክርስትናው መልስ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ዮሐንስ አፈወርቅ በ387 በአንጾኪያ፣ ከዚሁ ሸለቆ በስተ ሰሜን፣ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ለሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲወስድ የመከረበትን ቃል ይዞ ሰብኳል። በጊዜው ሰካራም ያዩ ሰዎች ወይን ባልተፈጠረ ኖሮ ይሉ ነበር። ዮሐንስ ግን ወይኑ የእግዚአብሔር ሥራ ነው፣ መወቀስ ያለበት ስካሩ ነው ሲል መለሰ። እንዲህ ካሉማ፣ ሌባ ስላለ ሌሊትም አይፈጠር ሊባል ነው። ጀስዊቶቹ በዚህ አስተሳሰብ ነው ቅዳሴውንም ጠመቃውንም አብረው ያካሄዱት፤ በ1973 ክሳራን ለነጋዴዎች ሲሸጡም ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ የንግድ ሥራ ለገዳማውያን አይገባም ስለተባለ እንጂ ወይን ኃጢአት ሆኖ አልነበረም።

እስልምና ነገሩን ከሌላ በኩል ያዘው። ክልከላው በአንድ ቀን አልወረደም። መጀመሪያ በወይን ውስጥ ጥቅምም ጉዳትም እንዳለ፣ ጉዳቱ ግን እንደሚበልጥ ተነገረ፤ ቀጥሎ ሰክሮ ወደ ሶላት መቅረብ ተከለከለ፤ በመጨረሻ በሩ ተዘጋ። የሚገርመው፣ ያው መጽሐፍ በጀነት የወይን ወንዞች እንደሚፈሱ ይናገራል፤ የዚያ ወይን ጠጪ ራሱን አይስትም። ስለዚህ የተጠላው ጣዕሙም ደስታውም አይደለም። የተፈራው አእምሮ መጋረዱ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች በደስታ አልተጣሉም፤ የተለያዩት ሰው በራሱ ላይ ምን ያህል ይተማመን በሚለው ነው። አፈወርቅ ልክህን ታውቃለህ ብሎ ጽዋውን በእጅህ ይተወዋል። የእስልምናው ሕግ አታውቅም፣ ያወቅህ ሲመስልህ ነው የምትወድቀው ይላል። በቤታቸው ሰካራም አባት ያለባቸው ልጆች ቢጠየቁ አብዛኞቹ ለማን እንደሚፈርዱ መገመት አይከብድም።

በጣፋጭ ነገር ግን ሊባኖስ ውስጥ ክርክር የለም። ማዕሙል የፋሲካም የዒድም ነው። በ2023 የምዕራባውያን ፋሲካ ኤፕሪል 9፣ የምሥራቃውያኑ ኤፕሪል 16 ዋለ፤ በዚያው ሳምንት ዒድ አልፈጥር ተከተለ። አንድ ዓይነት ኩኪስ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለሦስት በዓል ተጋገረ። ሰሞሊናው ማታ በቅቤ ታሽቶ ያድራል፤ ጠዋት የብርቱካን አበባና የጽጌረዳ ውሃ ጠብ ይልበታል። ትንሽ ድብልብል በአውራ ጣት ይቦረቦርና ዋልነት፣ ፒስታቺዮ ወይም ተምር ይሞላበታል፤ አፉ ተገጥሞ በተቀረጸ እንጨት ውስጥ ይጠቀጠቃል። ከዚያ እንጨቱ በጠረጴዛው ጠርዝ ጠብ ሲደረግ ማዕሙሉ ጌጡን እንደያዘ ዱብ ይላል። ተለምዶው ክቡ ለዋልነት፣ ሞላላው ለፒስታቺዮ፣ ጠፍጣፋው ለተምር ነው፤ እንግዳ ሳይቆርስ ምን እንደያዘ ያውቃል።

ከቱርክ እስከ ባልካን ደግሞ ኖኅ ከመርከቡ ሲወርድ በተረፈው እህል ሁሉ አብስሎታል የሚባል ጣፋጭ ገንፎ በዓሹራ ጊዜ ይሠራል። የሊባኖስ ክርስቲያኖች ዘመድ የሚሆነውን ምግብ ለቅድስት በርባራ ያደርጉታል። ዲሴምበር 4 ቀን ስኳር፣ አኒስ፣ ዘቢብና የሮማን ፍሬ የገባበት የስንዴ ንፍሮ በየቤቱ ይቀርባል፤ ስትሸሽ የስንዴው ማሳ በቅጽበት አድጎ ሸሸጋት ይላሉ። በኢትዮጵያ ስንክሳር ታኅሣሥ 8 የምትታሰበው ያችው በርባራ ናት። በበዓልቤክ ፍርስራሽ መካከል ክቡ የቬነስ መቅደስ በኋላ ዘመን የእርሷ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ነበር፤ በዚያው ፍርስራሽ የቆመው በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታነጸው ግዙፍ መቅደስ ደግሞ በወይን አምላክ በባኮስ ስም ይጠራል። ዛሬ የከተማዋ አብዛኛው ነዋሪ ሺዓ ሙስሊም ነው።

ስኳር ለምን ከፍርድ አመለጠ? አእምሮ ስለማይጋርድ ነው የሚለው መልስ የተሟላ አይደለም። የእስልምናው ሊቅ አል ገዛሊ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የጻፈው መጽሐፍ ስለ ጾም ምሥጢር በሚናገረው ክፍሉ፣ ቀን የተከለከለውን ማታ በእጥፍ የሚያጋብስ ጾመኛ የጾሙን ዓላማ ራሱ አፈረሰው ይላል። በረመዳን ምሽት በሊባኖሷ ትሪፖሊ፣ የሐላብ ቤተሰብ ከ1881 ጀምሮ በሚታወቅባት የጣፋጭ ከተማ፣ ከአይብ ሊጥ ተጠቅልሎ በቀሽጣ ክሬም የሚሞላው ሐላወተ ጅብን በትሪ ሲጫን ያየ ገዛሊ ለማን እንደጻፈ ይገባዋል።

ከዚህ የሚብስ አለ። ቤይሩት ውስጥ በብዙ ቤት ያንን የማዕሙል እንጨት ጠረጴዛው ላይ የምታንኳኳው ኢትዮጵያዊት ናት። ማዳሟ ሰሞሊናውን ታስታሽና እንግዶቹን ታስተናግዳለች፤ ልጅቷ ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ ስለሆነ ውዝፍ ደመወዝ ቢኖራትም ዝም ትላለች። በጁን 2020 ኢኮኖሚው ሲናድ አንዳንድ አሠሪዎች ሴቶቹን ከነሻንጣቸው አምጥተው ቤይሩት ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለዋቸው ሄዱ። የሠራተኛው ላብ ሳይደርቅ ደመወዙ ይከፈለው የሚለው የነቢዩ ሙሐመድ ትምህርት በእስልምና የታወቀ ነው፤ የያዕቆብ መልእክትም የተቀማ ደመወዝ እንደሚጮህ ይናገራል። ታዲያ ሐላልነቱ በዕቃው ዝርዝር ብቻ የሚለካ ከሆነ ያ ማዕሙል ንጹሕ ነው። በሌላ መለኪያ ግን በባልዲ ከተተፋው ወይን የባሰ ነገር በውስጡ አለበት።

ከዛህሌ ወደ ደቡብ፣ በአርሞንዔም ተራራ ግርጌ ወዳለችው ራሻያ ሲኬድ ያው ወይን ሌላ ዕጣ ይገጥመዋል። አብዛኞቹ ነዋሪዎች ድሩዝ የተባለው የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፤ ዑቃል የሚባሉት ሃይማኖተኞች አልኮል አይነኩም። ዘለላው ይጨመቃል፤ ጭማቂው ውስጥ ሐውዋራ የሚባል ነጭ አፈር ይነሰነስበታል። አፈሩ ኮምጣጣነቱን ይገድልና አተላውን ይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የጠለለው ተቀድቶ ማር እስኪመስል ድረስ ለሰዓታት ይንተከተካል። ይህ ድብስ ነው፤ ክረምት ላይ ከጣሂኒ ጋር በቂጣ ይበላል። ጭማቂው ለእርሾ ጊዜ ከተተወለት ወይን ጠጅ፣ ቶሎ እሳት ላይ ከወጣ ለሕፃን የሚሰጥ ጣፋጭ ይሆናል። ልዩነቱ የጥቂት ቀናት ጉዳይ ነው።

በፍሬውና በጽዋው መካከል ያለችው ይህች ክፍተት የእስልምና የሕግ ሊቃውንትን ብዙ አድክማለች። በ767 ያረፈው አቡ ሐኒፋ የወይን ጭማቂን ወይን ለሚጠምቅ ሰው መሸጥ ይቻላል አለ፤ ኃጢአቱ በጭማቂው ውስጥ የለም፣ የሚመጣው በሌላ ሰው ሥራ ነውና። የገዛ ደቀ መዛሙርቱ አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አልተስማሙበትም፤ ወዴት እንደሚሄድ እያወቅህ ካቀበልህ አግዘሃል ባዮች ናቸው። ይህ ጉዳይ መጽሐፍ ላይ ብቻ የቀረ እንዳይመስል፣ በበቃ በየመከሩ ዘለላውን ከሚቆርጡት መካከል ብዙዎቹ ሙስሊም በደዊዎች ናቸው። መቀሳቸው የሚቆርጠው ሐላል ፍሬ ነው፤ ሳጥኑ የሚሄድበትን መኪናም ያውቁታል። በአቡ ሐኒፋ ፍርድ እንጀራቸው ንጹሕ ሲሆን በደቀ መዛሙርቱ ፍርድ አጠያያቂ ነው። እንደዚህ ጸሐፊ አመለካከት አቡ ሐኒፋ ለድሃው ቀረብ ይላል፤ የባለቤቱን ኃጢአት በቀን ሠራተኛ ጫንቃ ላይ አይጭንምና።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዚሁ ክፍተት ውስጥ የራሷን ቦታ ይዛለች። ለቍርባን የሚቀርበው ከዘቢብ ነው፤ የደረቀው ፍሬ በውሃ ርሶ ይጨመቃል፣ እስኪፈላ አይጠበቅም። ምእመኑ በቤቱ ጠጅና ጠላ ይጠጣል፤ መሠዊያው ላይ የሚቀርበው ግን የማያሰክር ነው። ይህ ከዛህሌ ቅዳሴም ከከረክ ኑሕ ክልከላም የተለየ ሦስተኛ መንገድ ነው።

የመጨረሻው የፍሬው ዕጣ አቼቶ ነው። ጠማቂ ሲዘናጋ በርሜሉ አየር ይገባውና ወይኑ ይኮመጥጣል፤ ለእርሱ ኪሳራ ነው። በእስልምና ሕግ ግን በራሱ ጊዜ አቼቶ የሆነ ወይን ነጽቷል፤ ሰላጣ ላይ ቢንጠባጠብ ነውር የለበትም። ሆን ብሎ ያኮመጠጠውስ? በሊባኖስ የሱኒ ፍርድ ቤቶች የሚከተሉት የሐነፊ ሥርዓት ይፈቅዳል። ሻፊዒዎች ጨው ወይም ሌላ ነገር ጨምሮ ያኮመጠጠ ሰው አቼቶው አልነጻለትም ይላሉ። ማሰሮውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ብቻ ያዛወረውን ሰው ግን አብዛኞቹ ያልፉታል።