ሹል ጅራት ያላቸው ጎረቤቶቻችንና የወንጭፉ ጉዳይ



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ወፎች ነው፤ በተለይ ጅራታቸው ረጅምና ጫፉ ሹል ስለሆነው። "ኡስታዝ ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገሩ የመጣው ባለፈው ሳምንት በውስጥ መስመር ከደረሰኝ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት አካባቢ የሚኖር ወጣት ነው። ታናሽ ወንድሙ ከሰፈር ልጆች ጋር በላስቲክ ወንጭፍ ወፍ ይመታል። ጅራተ ረጅሟን የጣለ ልጅ ላባዋን ነቅሎ ኮፍያው ላይ ይሰካል፤ አሸናፊ ማለት እሱ ነው። ወንድምየው ሊከለክለው ሲሞክር "ወፍ እኮ ናት! ይኼም ወንጀል አለው እንዴ?" ብሎ መለሰለት። ጠያቂያችን ሌላም ጨምሯል፦ ልጁ ላባ የተሰካበትን ኮፍያ አድርጎ ይሰግዳል፣ ሶላቱስ እንዴት ነው?

ከሑክሙ በፊት ዒላማ የተደረጉትን እንወቃቸው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 38ኛ አያ ላይ በምድር የሚሄድ እንስሳም ሆነ በሁለት ክንፉ የሚበር ወፍ ሁሉ እንደኛው ኡማ እንደሆነ ነግሮናል። እኛ ደግሞ በገዛ ግቢያችን ያለውን ኡማ ስሙን እንኳ አናውቀውም።

መጀመሪያ በየካ ግቢዎች ሁሉ የምትታየውን እንያት። መልኳ አመድማ ቡናማ ነው፤ ራሷ ላይ ጉትዬ አላት፤ ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ ቀጥና ደረቅ ያለ ነው። በመንጋ ትመጣለች። ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ እየተሳበች ስለምትሄድ ፈረንጆቹ "የአይጥ ወፍ" ይሏታል። የዚህች ወፍ ወገኖች ዛሬ በዓለም ላይ 6 ዓይነት ብቻ ሲሆኑ ሁሉም የሚኖሩት አፍሪካ ውስጥ ነው። የእንጦጦን ብርድ ታውቁታላችሁ። እነሱ ሌሊቱን አንዱ በአንዱ ላይ ተጣብቀው፣ ተቃቅፈው ያሳልፉታል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ሆዳቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። ቅጠልና ፍራፍሬ ስለሚበሉ ሙቀቱ ምግቡን ለማብላላት ይረዳቸዋል። (ኮክና ጎመን የተከለ ሰው አይወዳቸውም፤ እሱን አልክድም።) አላህ በሱረቱ ኑር 41ኛ አያ ላይ ክንፋቸውን የዘረጉ ወፎችም እያንዳንዳቸው ሶላታቸውንና ተስቢሓቸውን እንደሚያውቁ ይነግረናል። እንዴት እንደሚሰግዱ አናውቅም። እነሱ ግን ያውቃሉ። ይኼ አያ ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው ከባድ ነው፤ ልጁ ድንጋይ የሚወረውርበት ፍጡር በዚያች ቅጽበት ተስቢሕ ላይ ሊሆን ይችላልና።

ወደ ላይ፣ ወደ ጥዱ ስትወጡ ሌላ ታገኛላችሁ። የራስ ክምር አበባ ባለበት አካባቢ ትንሽ ጠብቁ። ከሩቅ ጥቁር የምትመስል፣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልመም ያለ ወፍ የአበባውን ማር ልትመጥ ትመጣለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ጥቁረቱ ወደ ሐምራዊና ወደ ነሐስ መልክ ይለወጣል። ወንዱ ከጅራቱ መሐል ሁለት ረጃጅም ሹል ላባዎች ወጥተውለታል። የዓለም የወፍ አጥኚዎች የሚጠሯት በእኛው ተከዜ ወንዝ ስም ነው፤ ስሙ ከወጣላት ከ1814 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዛሬ "ተከዜ" ትባላለች። ሱብሓነላህ! በሩቅ አገር ያለ ተማሪ በአገራችን ወንዝ ስም ያጠናታል፤ የእኛ ልጅ ደግሞ ላባዋን ለኮፍያ ይፈልጋታል።

ሦስተኛው፣ ለወንጭፍ በጣም የተጋለጠው፣ ምንቃሩ ቀይ፣ ላዩ ጥቁር፣ ታቹ ነጭ የሆነው ትንሽ ወፍ ነው። የመራቢያ ወቅቱ ሲደርስ ወንዱ ከራሱ ቁመት የሚበልጥ እንደ ክር የቀጠነ ጅራት ያበቅላል። ነፋስ ሲመጣ ያንገላታዋል፤ ሲበር ወደ ላይ ወደ ታች እየዘለለ ነው። ለምን ይህን ሁሉ ሸክም ይሸከማል? በዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ካነበብኳቸው ጥናቶች አንዱ አልረሳኝም። ማልቴ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ኬንያ ውስጥ በሌላ ረጅም ጅራት ባለው ወፍ ላይ ሠርቶ በ1982 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። የአንዳንዶቹን ወንዶች ጅራት አሳጠረ፤ የሌሎቹን በማጣበቂያ ቀጥሎ አስረዘመ። ጅራታቸው የረዘመላቸው ወንዶች ክልል ውስጥ ብዙ ሴቶች ጎጆ ሠሩ። ጅራቱ የትዳር መጠየቂያ ነው ማለት ነው። ወቅቱ ሲያልፍ የእኛው ወፍ ያን ጅራት ያራግፈዋል፤ ከዚያ በኋላ ከሴቷ ለይታችሁ አታውቁትም፣ ተራ ቡናማ ወፍ ይሆናል። ጌጡ ለጊዜው የተሰጠ አደራ ነበር። (ስልካችሁ ላይ ስላለው ፎቶ ምንም አልተናገርኩም።)

አሁን ወደ ሑክሙ እንምጣ።

ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አራት ፍጡራን እንዳይገደሉ ከልክለዋል፦ ጉንዳን፣ ንብ፣ ሁድሁድና ሱረድ። ሁድሁድን ከሱለይማን (ዐ.ሰ) ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሱረድስ? ሊቃውንት ሲገልጹት ራሱ ትልቅ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር የሆነ ወፍ ነው ይላሉ። አሁን ከቤታችሁ ወጥታችሁ የመብራት ሽቦውን ተመልከቱ። ጥቁርና ነጭ፣ ጅራቱ ረጅምና ቀጭን፣ ብቻውን ተቀምጦ መሬት መሬት የሚያይ ወፍ አለ፤ ያደነውን አንበጣ እሾህ ላይ የሚሰካው። የዚያው የሱረድ ወገን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስም ጠርተው ካስከበሩት ወፍ ጋር በአንድ ሰፈር እየኖርን አለማወቃችን ያሳዝናል።

ሌሎቹስ? "በስም አልተጠቀሱም" ብሎ የሚከራከር ይኖራል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የኢብኑ ዑመርን (ረ.ዐ) ታሪክ ይስማ። ኢብኑ ዑመር በመንገድ ሲያልፉ የቁረይሽ ወጣቶች አንዲት ወፍ አስረው በቀስት ሲወዳደሩባት አዩ፤ የሳተ ቀስት ሁሉ ለወፏ ባለቤት ይሰጥ ነበር። ኢብኑ ዑመርን ሲያዩ ተበታተኑ። እሳቸውም ይህን ያደረገው የተረገመ እንደሆነ ተናገሩ፤ ምክንያቱም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍስ ያለውን ነገር ዒላማ ያደረገን ሰው ረግመዋል። ልብ በሉ፦ እነዚያም ወጣቶች ነበሩ፣ ያም ጨዋታ ነበር። የእኛ ሰፈር ልዩነቱ ቀስቱ ላስቲክ መሆኑ ብቻ ነው። እርግማን ደግሞ ቀላል ነገር ላይ አይወርድም፤ ዑለማዎች እርግማን የመጣበትን ሥራ ከትላልቅ ወንጀሎች ይቆጥሩታል።

ስለ ወንጭፉም ራሱን የቻለ ሐዲስ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ሙገፈል (ረ.ዐ) አንድ ሰው ጠጠር በጣቱ ሲያስፈነጥር አይተው፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን እንደከለከሉ ነገሩት፤ አደን አይታደንበትም፣ ጠላት አይመከትበትም፣ ጥርስ ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል እንጂ። ሰውየው ደግሞ ሲያስፈነጥር ቢያገኙት ከዚህ በኋላ አላናግርህም አሉት። ይህም በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው።

"ለመብላት ቢሆንስ?" የሚል ጥያቄም ይመጣል። አደን በመሠረቱ ሐላል ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን በድንጋይ ተመትቶ የሞተ እንስሳ በሱረቱል ማኢዳ 3ኛ አያ ላይ ከተከለከሉት አንዱ የሆነው ተደብድቦ የሞተው ነው። ዐዲይ ኢብኑ ሓቲም (ረ.ዐ) ስለ አደን በጠየቁ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በስለቱ የወጋውን እንዲበሉ፣ በጎኑ መትቶ የገደለውን ግን እንዳይበሉ ነግረዋቸዋል። ስለዚህ ወንጭፍ የገደላት ወፍ አትበላም። በሕይወት ተደርሶባት ቢስሚላህ ተብሎ ከታረደች ሌላ ጉዳይ ነው። የማይበላ፣ የማያስፈልግ፣ ለሳቅ ብቻ የሚጠፋ ነፍስ ግን በየትኛውም መዝሀብ ደጋፊ የለውም።

ጠያቂው ወንድሜ፣ ልጁን አትምታው፣ አትጩህበትም። አቡ ዳውድ የዘገቡትን የዚያችን ትንሽ ወፍ ታሪክ ንገረው። ሶሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ ሁለት ጫጩቶቿን ወሰዱባት፤ እናቲቱ መጥታ ክንፏን እያራገበች ታንዣብብ ጀመር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልጆቿ ያስጨነቃት ማን እንደሆነ ጠየቁ፣ እንዲመልሱላትም አዘዙ። ከፊታቸው ስንት ጉዳይ የነበረባቸው መሪ ለአንዲት ወፍ ጭንቀት ትኩረት ሰጡ። ከዚያ ቅዳሜ ጠዋት ይዘኸው ወደ ጥዱ ውጣ፤ ወንጭፉ እቤት ይቅር። እስከ ዛሬ የሚያውቃቸው ሞተው እጁ ላይ ሲወድቁ ብቻ ነው፤ አበባ ላይ ሲያያቸው ምን እንደሚል ጻፍልኝ።

የኮፍያው ጉዳይ ቀርቷል። በሻፊዒይ መዝሀብ በሸሪዓ ሳይታረድ የሞተ ወፍ ላባ ነጃሳ ነው፤ ያን ላባ ተሸክሞ የሰገደ ሶላቱ አይበቃም። በሐነፊይ መዝሀብ ሥጋና እርጥበት የሌለው ደረቅ ላባ ጧሂር ነው፤ ሶላቱ ይሆናል። ልጁ ገና ካልደረሰ ያለፈውን ሶላት እንዲመልስ አታስጨንቀው። ላባውን ነቅላችሁ ኮፍያውን እጠቡለት።

ወሏሁ አዕለም። ጁሙዓ ሙባረክ።