ጭሱን የምትውጠው ማን ናት?

 

ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ወደ መስጂድ እንዳይቀርብ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውን ታውቃላችሁ። ነጭ ሽንኩርት ሐላል ነው። የበላውም ማንንም ለመጉዳት አልነየተም። ግን ሽታው ከጎኑ የቆመውን ያስቸግራል፤ ይኸው በቂ ሆነ።

አሁን ወደ ሮቤና ጎባ ማድቤቶች ኑ። የባሌን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ኩበትና እርጥብ እንጨት ይጨሳል። እናት ምጣዱ ላይ ጎንበስ ብላለች፣ ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ነው። ጉዳዩ የዓይን እንባ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ። ይህ ጭስ ለሕፃናት የሳንባ ምች፣ ለትልልቆቹ ሥር ለሰደደ የሳንባ በሽታና ለዓይን ሞራ ያጋልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ገምቷል።

«ማንም ሊጎዳት አላሰበም እኮ» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ሌላ አማራጭ ያጣን ቤተሰብ አላህ ከአቅሙ በላይ አይጠይቀውም። የኔ ጥያቄ ሳሎን ተቀምጠን ቡና ለምንጠብቀው ነው። ኒያችን ከወንጀል ያድነን ይሆናል፤ የእሷን ሳንባ ግን አያድንም። ካወቅን በኋላ ደግሞ «አላሰብኩም» ማለት አይቻልም።

ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፣ ጭስም ይቀንሳል። እንጨቱን ቀድሞ ማድረቅማ ገንዘብ እንኳ አይጠይቅም፤ ጉልበት ብቻ ነው፣ እሱም አላችሁ። ዛሬ ከጁምዓ ስትመለሱ ማድቤት ግቡና እሷ የምትቆምበት ቦታ ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ።